ቀስ ሲሏት የምትጠፋ መኪና

ለቆላውም ለደጋውም፣ በተለይ ግን በሙቀት ለምትንገላቱ ወገኖች ሁሉ! በከሚሴ ከተማ፣ ስሟን ለክብሯ ስንል በማንጠራት አንዲት የፖሊስ ጣቢያ፣ የወንጀል ምርመራ ክፍሉ የጣሪያ ቬንቲሌተር ከረጅም ሕመም በኋላ ዛሬ ጠዋት በአላህ ፈቃድ መዞር መጀመሩን በታላቅ ደስታ እናበስራለን። ከሦስቱ ክንፎቹ አንዱ በሕይወት ባይኖርም፣ የቀሩት ሁለቱ የሟችን ድርሻ ተካፍለው በሥራ ላይ ናቸው። ነፋሱ ገና አልተገኘም፤ ድምፁ ግን ተገኝቷል።

ኢንስፔክተር ሙሀመድኑር ይህን ልማት አንጋጦ እየመረቀ ሳለ አንዲት ነጭ ዲኤክስ መኪና እየጮኸች ግቢ ገባችና ባንዲራው ሥር ቆመች። ከውስጧ አንድ ረዥም፣ ዓይኑ በለቅሶ የቀላ ሰው ወጣ። የመኪናውን በር አልዘጋውም። ቀጥ ብሎ መጥቶ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

“ይኸው። እህቴ የሞተችባት መኪና ናት። ገዳዩ ግን እሷ አይደለችም፤ ባሏ ነው።”

“መጀመሪያ ስምህን ንገረኝ።”

“አብዱልጀሊል። የፊርደውስ ታላቅ ወንድም ነኝ። ትናንት ቀበርናት።”

“ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ይርሐማት። ተቀመጥ።”

“አልቀመጥም።”

ቆሞ ተናገረ። ፊርደውስ ከባሏ ከጀሚል ጋር ደሴ ነው የምትኖረው። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነውና የሚወለደው፣ ቀኗ ሲቃረብ ጨፋ ሮቢት እናቷ ቤት ወረደች። ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ደህና ናት፤ የእናቲቱ ደም ግን አልቆም አለ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ጭኖ ሄዶ ስለነበር ጀሚል በራሱ መኪና ወደ ከሚሴ ሆስፒታል ይዟት ወጣ።

“የቀትር ዙህር አዛን ሲል ነው የወጡት” አለ አብዱልጀሊል። “አንድ ባለ ባጃጅ መንገድ ላይ አግኝቷቸው ሆስፒታል ሲያደርሳት የዐስር ሶላት ተሰግዶ ነበር። በጀሚል እጅ ላይ አለፈች። ሐኪሙ ምን አለ መሰለህ? ‘ትንሽ ቀደም ብትል ኖሮ’ አለ። ከጨፋ ሮቢት ከሚሴ እኮ ሻይ አዘህ ሳይበርድ የምትደርስበት መንገድ ነው!”

“ባሏስ ምን ይላል?”

“‘መኪናዋ እየጠፋች አስቸገረችኝ’ ይላል። ይኸው መኪናዋ! አሁን እኔ ነኝ ነድቼ ያመጣኋት። እንደ ጥይት ነው የመጣችው። አንዴ እንኳ አላሳላትም! እሱ ቆሞ ነው የጠበቀው። ደሟ እስኪያልቅ ጠበቀ።” ጠረጴዛውን መታ። “ልጅቷ እናታችን ጋ ናት፤ ለገዳይ አንሰጥም። እሱንም መንግሥት ካልያዘው እኛ እንይዘዋለን።”

ኢንስፔክተሩ “እኛ” የምትለዋን ቃል ያውቃታል። በዚህ አገር ብዙ ፋይል የተከፈተው በእሷ ነው። ተነስቶ ኮፍያውን አደረገ።

*

ጀሚልን ከለቅሶው ዳስ አመጡት። ማንም ሳይጎትተው ነው የተነሳው። ጫማውን ከሰው ጫማ መካከል ፈልጎ አጠለቀና ተከተላቸው። ዕድሜው ሠላሳን ብዙም አላለፈም። ሸሚዙን ለውጧል፤ የሱሪው ጉልበት ግን አሁንም ደም ነው።

“ሥራህ ምንድን ነው?” አለው ኢንስፔክተሩ።

“ጫት አመላልሳለሁ።”

ጫት ከመጠውለጉ በፊት መድረስ አለበት። ስለዚህ የጫት ሾፌር እግር ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እስከ ወለሉ መርገጥና ፍሬን መያዝ። የጀሚልን እግር ደግሞ ከከሚሴ እስከ ደሴ ያሉ ዶሮዎች በድምፁ ይለዩታል ይባላል። የማይለዩት አልቀዋል።

“ፈጣን ነህ ይሉሃል።”

“ይሉኛል።”

“ታዲያ ያን ቀን ፍጥነትህ የት ሄደ?”

“መኪናዋ እየጠፋችብኝ።”

“ለምን ጠፋች?”

ጀሚል ዝም አለ። ኢንስፔክተሩ ብዙ ዝምታ ሰምቷል፤ የሌባ ዝምታ አለ፣ የፈሪ ዝምታ አለ። ይኼ ግን የአንዱንም አይመስልም። ደግሞ አንድ ነገር ልብ አለ፤ ሰውየው “አላውቅም” አላለም።

“ጀሚል፣ ሚስትህ ሞታለች። ወንድሟ ደምህን ይፈልጋል። ልጅህን አንሰጥም ብለዋል። የምትናገረው ነገር ካለህ ጊዜው አሁን ነው።”

“ልጅቷ ጡጦ ያዘች?” አለ ጀሚል።

“ምን?”

“ጡጦ እምቢ ብላ ነበር። ያዘች ወይ?”

ይህ ጥያቄ በምርመራ ትምህርት ላይ አልመጣም።

*

መኪናዋን የመፈተኑ ኃላፊነት ለምክትል ሳጅን ዘይኑ ተሰጠ። ዘይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ይህን ትእዛዝ ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል። ፍሪሲዮኗን ለቆ ከግቢው ሲወጣ ጠጠሩ መስኮት ደበደበ። ቦርከና ድልድይ ደርሶ ሲመለስ ፊቱ በርቷል።

“ወላሂ ኢንስፔክተር፣ ይቺ መኪና አይደለችም፣ ጄት ናት! ጠፋች የሚል ሰው ቀልደኛ ነው።”

“ሞተሩን አየኸው?”

“ካንዴላዎቿን አውጥቼ አየኋቸው። ነጭ! ጥቀርሻ የሚባል አልነካቸውም። የሐጂ ጀለቢያ በላቸው።”

“ንጹሕ ነው ማለት ነው።”

“ከኔ ልብ ይነጻል።”

ኢንስፔክተሩ ካንዴላ ንጹሕ፣ ሞተር ጤነኛ ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ ጥርጣሬውን ወደ ቤንዚኑ አዞረ። በሰልፍ የሚገኝ ቤንዚን ስንት እጅ እንደሚያልፍ፣ በየእጁም ምን እንደሚጨመርበት የማያውቅ የለም። ቤንዚኑን በጀሪካን አምጥቶ የሞላው ደግሞ ራሱ ከሳሹ አብዱልጀሊል እንደነበር ተደርሶበታል። ኢንስፔክተሩ ከታንከሩ ጥቂት አስቀድቶ በጠርሙስ ፀሐይ ላይ አስቀመጠው። ውኃ ከሥር አልተኛም። ነጭ ጋዝም አልሸተተም። እንዲያውም ሳጅን ዘይኑ እንዳለው ከጣቢያው ቤንዚን ይሻላል፤ ጣቢያው ቤንዚን የለውምና።

ባለ ባጃጁ አቡበከር ከሰዓት በኋላ መጣ። ሲናገር እጁ መሪ እንደያዘ ነው።

“መንገዱ ዳር ነበር የቆሙት፣ ማሽላው አጠገብ። ኮፈኑ ተከፍቷል። እሱ እቅፍ አድርጓታል። ቶሎ ብለን ባጃጁ ላይ ጫንናት።”

“ተናግራ ነበር?”

“አዎ። ‘ርገጠው፣ ርገጠው’ ትል ነበር። እኔን መስሎኝ ረገጥኩት። በኋላ በስፖኪዮ ሳይ ግን ዓይኗ እሱ ላይ ነው። እኔን አልነበረም።”

“ለባሏ ነው ‘ርገጠው’ ያለችው?”

“ለሱ ነው። አሁንም እሱ የሚነዳት መስሏት። እሱማ እንደ ልጅ ያለቅሳል።”

ኢንስፔክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ሴትዮዋ ፍጠን ብላ ለምናለች። የአካባቢው ፈጣን ሾፌር እንቢ ብሏል። መኪናዋ ጤነኛ ናት። ወንጀሉ ራሱ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ መሰለው። ግን አንድ ጥያቄ አልለቀው አለ። ሰው ሚስቱን ሊገድል የፈለገ ለምን ኮፈን ከፍቶ ይቆማል?

*

በማግስቱ ዘይኑ እየነዳ በዚያችው ዲኤክስ ጨፋ ሮቢት ወረዱ። የጣቢያው መኪና ቤንዚን እስኪያገኝ ድረስ ኤግዚቢቷ ራሷ በመርማሪነት ተመድባ ነበር።

ጎረቤቲቱ ሀዲጃ አጥሩ ሥር ተቀበለቻቸው።

“ሐሜት ሐራም ነው” አለች አስቀድማ።

“ልክ ነሽ።”

“ስለዚህ ያየሁትን ብቻ ነው። አብሬያቸው ልሄድ ነጠላዬን ላመጣ ገባሁ። ስወጣ የሉም! አልጠበቀኝም።”

“ሊያመልጥሽ ፈልጎ ይመስልሻል?”

“እኔ ምን አውቄ። ኡሚ በሩ ላይ ቆማ ከኋላቸው ‘ቀስ ብለህ ንዳ! አራስ ናት፣ እንዳታንገላታት! በአላህ ቀስ በል!’ እያለች ትጮኻለች። ሕፃኗ እጇ ላይ ናት።”

ኡሚ የሚሏት የፊርደውስን እናት ነው፤ የሰፈሩ ሰው በሙሉ በዚህ ስም ነው የሚጠራት።

“ከዚያ በፊትስ ባልና ሚስቱ ተጣልተው ያውቃሉ?”

“ሐሜት ሐራም ነው አልኩህ እኮ” አለችና ጠጋ አለች። “ከመውለዷ በፊት ነው። ፊርደውስ መኪናዋን ግቢ ውስጥ እያንቀሳቀሰች ነበር። ተንተፋተፈችና ቆመች። እሱ ‘ይኼን ሳጥን ነቅዬ ቦርከና ውስጥ ነው የምወረውረው!’ ብሎ ጮኸ። እሷ ትስቃለች። ‘ከወለድኩ በኋላ አስተካክለዋለሁ’ አለችው።”

“የምን ሳጥን?”

“እኔማ የልብስ ሳጥን መስሎኝ ነበር።”

ዘይኑ ክሩስኮቱ ሥር ገብቶ ቀና ሲል ፊቱ አቧራ ነው። እዚያ ከሽቦ ጋር የተያያዘ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ጥቁር ሳጥን አለ። “ሬዲዮ ይሆን?” አለ። “ግን አይዘፍንም።”

ኢንስፔክተሩ ዘይኑን አካባቢውን እንዲጠይቅ ተወውና ሊመለስ ሲል ኡሚ ከቤት ወጣች። ቀጭን፣ ወገቧን በመቀነት አጥብቃ ያሰረች ሴት ናት። ሕፃኗን ለሀዲጃ ሰጠች።

“አካም ቡልተን፣ ኡሚ?” አላት በኦሮምኛ።

“ነጋ፣ ሰላም ነው ልጄ። ከሚሴ ነህ?”

“አዎ።”

“ውሰደኝ። ያንን ልጅ ላየው እፈልጋለሁ።”

“አብዱልጀሊል ቢሰማ...”

“አብዱልጀሊልን የወለድኩት እኔ ነኝ። እሱ እኔን አልወለደኝም።” በሩን ራሷ ከፍታ ገባች።

*

መንገዱ በሸለቆው ውስጥ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ነው። በግራና በቀኝ ማሽላው ፍሬ ይዟል። ኢንስፔክተሩ የዘይኑን አነዳድ ተከትሎ ፔዳሉን ተጭኖ ወጣ። ዲኤክሷ ተፈተለከች።

“ይኼን ከክሩስኮቱ ሥር ያለ ሳጥን ማን ሠራው?” አለ እንደ ዋዛ።

“ማን ይሠራዋል? ልጄ ናታ! የሞተሩ ኮምፒውተር ነው ትል ነበር። ኢንጂነር እኮ ናት። ደሴ ቤታቸው ደጅ ላይ፣ ከጓደኛዋ ከኢማን ጋር ነው የገጠሙት። ጀሚል ሥራ ውሎ ሲመጣ መኪናው ተበታትኖ አገኘው። ‘የት ልሂድ አሁን?’ አለ። ‘ተኛ’ አለችው።” ኡሚ ፈገግ ልትል ነበር፤ ከንፈሯ እንቢ አለ። “እዚህ ከመጣችም በኋላ አልተወችም። ‘ኡሚ፣ ጀሚል ይንዳ፣ እኔ ላፕቶፔን ይዤ አጠገቡ ልቀመጥ፣ ጨፋ ሜዳውን ትንሽ እንመላለስ’ ትለኛለች። የደረሰች ሴት! ዓይን አለ፣ ነፋስ አለ። ደጃፍ አላስረገጥኳትም። ጠብቄያት ነበር፣ ልጄ። እንደ ዕንቁላል ነበር የጠበቅኳት።”

መኪናዋ ጉድጓድ ዘለለች።

“ዋይ ወገቤ! ቀስ በል፣ ማሎ!”

ኢንስፔክተሩ አፈረ። እግሩን አነሳና ፔዳሉን በጣቱ ጫፍ ብቻ ነካ አደረገው፤ እናቱን የጫነ ሰው እንደሚነዳው።

ዲኤክሷ አሳላት። ተንቀጠቀጠች። ጠፋች።

ሞተሪኖውን አስነሳ። ተነሳች። በቀስታ ሰጣት። ጥቂት ሄደችና ተንተፋተፈች፤ ጠፋች። ደግሞ አስነሳ። ደግሞ ጠፋች። ከኋላ የመጣ አይሱዙ ጥሩንባውን ነፍቶ አለፋቸው። ኢንስፔክተሩ በንዴት እስከ ወለሉ ሲረግጠው መኪናዋ እንደ ፈረስ ዘለለች፤ ኡሚ ጮኸች፤ ደንግጦ እግሩን አነሳ፤ ጠፋች።

ጸጥ ሲል የማሽላው ቅጠል ድምፅ ተሰማ።

“እንዲህ ነበር እንዴ?” አለች ኡሚ።

“ምኑ?”

“የልጄ አሟሟት። እንዲህ ነበር?”

ኢንስፔክተር ሙሀመድኑር መሪውን ይዞ ፊት ለፊት አየ። ሴትየዋ የተቀመጠችው ልጇ በተቀመጠችበት ወንበር ላይ መሆኑ አሁን ገና ነው የገባው።

“ልጁ አልዋሸም በለኛ” አለች።

“አልዋሸም፣ ኡሚ።”

ሻሿን ወደ ፊቷ ጎተተች። ከዚያ ውስጥ ሆና፣ “ርገጠው” አለችው። “ወገቤ ይሰበር። ርገጠውና አድርሰኝ።”

*

ጀሚል እሷን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም።

“ልጅቷ ጡጦ ይዛለች” አለችው ኡሚ።

“አልሐምዱሊላህ።”

“መኪናዋ እኛንም አስቸገረችን። ቀስ ሲሏት ትጠፋለች።”

ኢንስፔክተሩ ሰውየው እፎይ ይላል ብሎ ጠብቆ ነበር። በጀሚል ፊት ላይ ያየው ግን ፍርሃት ነው። ከታሰረ ጀምሮ ያልታየበት ፍርሃት።

“ማን ነዳት? ኡሚ፣ ምን አሉዎት? ስለ መኪናዋ የነገረዎት ሰው አለ?”

“ማን ይነግረኛል? ራሴ አየሁ እንጂ።” ተጠጋችው። “አንተ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። መጨረሻ ላይ ምን አለችህ?”

ጀሚል አንገቱን እንደደፋ መለሰ።

“‘ልጅቷን ማን ይዟታል?’ አለችኝ። ‘ኡሚ’ አልኳት። ‘እንግዲያው ደህና ናት’ አለች።”

ኡሚ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። በር ላይ የነበረው ፖሊስ ወደ ውጭ ዞረ።

*

ነፃ የሚያወጣው ነገር ሲመጣ የሚፈራ ሰው አንድ የሚደብቀው አለው። ኢንስፔክተሩ ያን ሲያወጣና ሲያወርድ ዋለ። መኪናዋን እንዲህ ያደረጋት ሳጥኑ ከሆነ፣ ሳጥኑን ነካክቶ ያበላሸው ማን ነው? አብዱልጀሊል መኪናዋ የቆመችበት የእናቱ ግቢ እንደ ልቡ ይገባበታል፤ ጋብቻውንም ሲጀመር አልወደደውም። ግን ቤንዚኑን ሞልቶ ከሄደ በኋላ ያን ሰሞን ባቲ ገበያ ግመል ሲያሻሻጥ እንደሰነበተ ሦስት ነጋዴ መሰከረለት፤ “ሳጥን” ሲባልም እንደ ሀዲጃ የልብስ ሳጥን ነው የመሰለው። የቀረች አንዲት ሰው ናት።

ኢማን ከኮምቦልቻ በጥሪ መጣች። ከፊርደውስ ጋር አንድ ክፍል ተምረው አብረው ተመርቀዋል። ላፕቶፗን ከሳጥኑ ጋር አገናኘች። የይለፍ ቃሉን ሳታስብ ጻፈች። ስክሪኑ በቁጥር ተሞላ፤ እያንዳንዱ ቁጥር ፔዳሉ በተረገጠበት ልክና ሞተሩ በሚዞርበት ፍጥነት ስንት ቤንዚን እንደሚረጭ የሚያዝ ነው። ታችኛው ጥግ ላይ፣ ፔዳሉ ገና በቀስታ ሲነካ ያለው ቦታ ላይ፣ ዓይኗ ቆመ። ላፕቶፑን ዘጋችው።

“ሳጥኑ ተበላሽቷል” አለች።

“የይለፍ ቃሉን ከአንቺ ሌላ ማን ያውቀዋል?”

“ፊርደውስ ብቻ።”

“ታዲያ የነካካው አንቺ ነሽ?”

“እኔ? እኔ ፊርዲን?” ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። “ተበላሽቷል አልኩህ እኮ። በራሱ ነው።”

“የተበላሸ ሳጥን እስከ ወለሉ ስረግጥ ለምን ይሠራል? ኢማን፣ ባሏ ታስሯል። ልጁን ሊነጠቅ ነው። ሲወጣም የሚጠብቀውን ታውቂያለሽ።”

ኢማን አለቀሰች። ስትጨርስ አንድም ነገር ሳትደብቅ ተናገረች።

“ማንም አልነካውም። ቁጥሮቹ የፊርዲ ናቸው። እስከ ወለሉ ለሚረግጥ ሰው፣ ሞተሩ እንዳይቃጠል ብላ ቤንዚን አትርፋ ነው የሰጠችው። በቀስታ ለሚነካው ግን ቀነሰች። ቤንዚን እንዴት እንደሚገኝ ታውቃለህ። ደሴ ውስጥ ሥራ ስትመላለስ ራሷ በእግሯ ጫፍ ነው የምትነዳው፤ ጠብታ ጠብታዋን እየቀነሰች ጠርዝ ላይ አደረሰችው። ደሴ ላይ እንደ ሰዓት ነበር የሚሠራው።”

“እዚህስ?”

“ይኼ ሳጥን የአየሩን ግፊት አይለካም። ፔዳሉንና ሞተሩን ብቻ ነው የሚያየው። ደሴ ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ ለስስ አየር ጥቂት ቤንዚን ይበቃል። ወደ ቆላ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል። ሳጥኑ ግን አሁንም ደሴ ያለ ይመስለዋል፤ ያችኑ ጠብታ ይሰጣል። እስከ ወለሉ ከረገጥከው ትርፍ ስላለው ይችላል። በቀስታ ከነካኸው ሞተሩ ይራባል።”

“ካንዴላው ነጭ የሆነው...”

“ከረሃብ ነው። ከንጽሕና አይደለም።”

ኢንስፔክተሩ የራሱን ጽሑፍ አስታወሰ፤ ካንዴላ ንጹሕ፣ ሞተር ጤነኛ። “ባሏ ሁልጊዜ ሲነዳት ይኼን እንዴት ሳያውቅ ቀረ?”

“ጀሚል በቀስታ ነድቶ ያውቃል? እግሩ እነዚህን ቁጥሮች ረግጧቸው አያውቅም።” ፊቷን ጠረገች። “ከዚያን ቀን በስተቀር።”

“እሷስ ታውቅ ነበር?”

“እዚህ ወርዳ ግቢ ውስጥ ስታንቀሳቅሳት ጠፋችባት። ያን ቀን ደወለችልኝ። ምክንያቱን ወዲያው ነው ያወቀችው፤ ለጀሚልም ነግራዋለች። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። አንዱ ሜዳ ላይ እግሩን ሳያንቀሳቅስ እኩል ይነዳል፤ ሌላው አጠገቡ ተቀምጦ ቁጥሩን ያርማል። ‘እስከዚያ ጀሚል እንደ ልማዱ ይርገጣት፤ ኡሚ ከቤት አላስወጣ አለችኝ፤ ከወለድኩ በኋላ እናስተካክላለን’ አለችኝ። እየሳቀች።”

ለኢንስፔክተር ሙሀመድኑር ነገሩ አሁን ተገጣጠመለት። ልጇን ደጃፍ ሳታስረግጥ ሳጥኑ ሳይታረም እንዲቀር ያደረገች እናት ነበረች። በሩ ላይ ቆማ “ቀስ በል” ብላ የጮኸችም እሷው ናት። ያቺው እናት ትናንት አጠገቡ ተቀምጣ “እንደ ዕንቁላል ነበር የጠበቅኳት” ብላው ነበር።

“ይኼን ለማን ነግረሻል?”

“ለማንም።”

“ለማንም እንዳትነግሪ።”

*

ጀሚል ጋ ሲገባ ፋይል አልያዘም። ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

“‘ርገጠው’ ያለችህ ቶሎ አድርሰኝ ለማለት ብቻ አልነበረም” አለው። “መኪናዋ እንዳትጠፋ መድኃኒቱን እየነገረችህ ነበር።”

ጀሚል ወለሉን ያያል።

“አንተም ታውቀው ነበር። እንዲህ ዓይነት እግር ይዘህ...” ኢንስፔክተሩ ቃል ፈለገ። “ስትረግጠው ትጮህ ነበር?”

ጀሚል ቀኝ እግሩን ቀስ ብሎ ስቦ ወንበሩ ሥር አስገባው። ኢንስፔክተሩም ደግሞ አልጠየቀም።

ያን ከሰዓት የጻፈው ሪፖርት በሥራ ዘመኑ ከጻፋቸው ሁሉ አጭሩ ነው። መኪናዋ ከደጋ ወደ ቆላ ስትወርድ በሞተሯ ላይ በደረሰ የቴክኒክ ብልሽት መንገድ ላይ እንደጠፋች፣ ይህም በፖሊስ ሙከራ እንደተረጋገጠ፣ በማንም ላይ የሚያስጠይቅ ድርጊት እንዳልተገኘ ይገልጻል። ሁሉም እውነት ነው። ቁጥሮቹን ማን እንደጻፋቸው፣ እርማታቸውንም ማን እንዳዘገየው የሚጠይቅ መስመር በቅጹ ላይ የለም። ኢንስፔክተሩ ቅጽ ላዘጋጀው ሰው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዱዓ አደረገ።

*

ሲፈታ በሩ ላይ ሁለቱም ቆመው ነበር፤ አብዱልጀሊልና ኡሚ። ሕፃኗ በኡሚ እቅፍ ተጠቅልላ ተኝታለች። ሳጅን ዘይኑ ምናልባት ብሎ ከኋላ ተከትሏል። አያስፈልግም ነበር። አብዱልጀሊል ገና ሲያየው አንገቱን ደፋ።

“አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ፣ ጀሚል።”

“አፉ።”

“ደምህን ስፈልግ ነበር። ለሰው ነግሬያለሁ፣ ሰው አዘጋጅቻለሁ። አንተ ደግሞ ዝም! የምን ብልሽት ነው ቢሉኝ አላውቅም። ፖሊስ ‘የቴክኒክ’ ይለኛል። ሾፌሩ አንተ ነህ፤ አንተ ታውቀዋለህ። ‘መኪናዋ በዚህ በዚህ ምክንያት ነው የጠፋችው’ ብትለኝ እኔ ድንጋይ ነኝ እንዴ የማልሰማህ? ሰው እንዴት አንገቱን ለቢላ ሰጥቶ ዝም ይላል?”

ጀሚል እጁን ለሕፃኗ ዘረጋ። ኡሚ ሰጠችው፤ ጭንቅላቷን እንዲደግፍ ክንዱን አስተካከለችለት። ከዚያ እጇን ክንዱ ላይ እንዳደረገች ቀረች።

“ንገረን፣ ልጄ” አለችው ለስለስ ብላ። “እኔም ሌሊት ሌሊት አስበዋለሁ። ምን ሆና ነው የጠፋችው? አውጣውና ይቅለልህ።”

ኢንስፔክተሩ ከመስኮቱ ጀርባ ቆሞ፣ ይህቺው ሴት በሩ ላይ የጮኸችውን ‘ቀስ በል’ አስታወሰ።

ጀሚል የሴትየዋን ፊት ትክ ብሎ አየ።

“አልናገርም፣ ኡሚ።”

“ለምን?” አለ አብዱልጀሊል።

“አልናገርም አልኩ።”